ሐጂ ቡሽራና የቡላው ፈረስ ጀርባ

ስሟን ባልጠራው ቅር የማትሰኝ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነበረች፤ መስጊዷ ከገበያው በላይ፣ መቃብሯ ከገበያው በታች። በዚያች ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ኮርቻ ሠሪ ይኖሩ ነበር። ሶላታቸውን ከጀማዓ የማያስታጉሉ፣ በአንደበታቸው የታመኑ ሰው ነበሩ። የተጣሉ ሰዎች ወደ ቃዲው ከመሄዳቸው በፊት በእሳቸው ደጃፍ ያልፋሉ። ኮርቻቸውማ «በሐጂ ቡሽራ ኮርቻ የተቀመጠ ቤቱ ተቀመጠ» እስኪባል ድረስ የተመሰገነ ነበር። ማርም ሲበዛ ይመራል ይባላል፤ ምስጋናም እንደዚያው ነው።

የጎረቤታቸው የዳውድ ይመር ልጅ ኑርሁሴን አንድ ቡላ ፈረስ ነበረው። ፈረሱ የመስከረም ሣር ጠግቦ ጀርባው በሞላበት ጊዜ ሐጂ ቡሽራ ለክተው ኮርቻ ሠሩለት። በጋው ሲገፋ ሣሩ ደረቀ፤ ፈረሱም ከሳ። ያን ጊዜ ጠባዩ ተለወጠ። ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ጠፍሩ ሲጠብቅ ሊናከስ ይዞራል፤ ቁልቁለት ላይ ይገግማል። ኑርሁሴን ጀርባውን አገላብጦ አየ። ቁስል የለም፤ ፀጉሩም አልተነቀለም። ግራ ቢገባው ወደ ሐጂ ቡሽራ ሄደ።

«ሐጂ፣ ፈረሱ ኮርቻውን ጠላብኝ። መጥተው በእጅዎ ዳሰስ ቢያደርጉልኝ» አላቸው።

ሐጂ ቡሽራ ለጁሙዓ ውዱእ አድርገው እየወጡ ነበር። «የኔ ኮርቻ አይቆረቁርም፣ ልጄ» አሉት። «ፈረስህን ዓይን በልቶት ወይ ጂን ለክፎት ይሆናል። ቁርኣን አስቀራበት።»

አልዋሹም፤ የተናገሩትን ያምኑት ነበር። ግን እጃቸውን ሳያሳርፉ ተናገሩ። ልጁም አመናቸው። ቁርኣን ተቀራበት፤ አንገቱ ላይ ሂርዝ የሚባል ክታብ ታሰረለት፤ ኮርቻው ግን እንደነበረ መጫኑን ቀጠለ። ቁርኣን ሺፋእ፣ ፈውስ ነው፤ ይህን የሚጠራጠር ሙስሊም የለም። ነገር ግን እሾህ ለወጋው ሰው ቁርኣን አንብቦለት፣ እሾሁን ሳይነቅሉ መሄድ ቁርኣንን ማክበር አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ ኑርሁሴን ከአማቾቹ ቤት ሲመለስ፣ ከከተማው በላይ ባለው ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ፈረሱ ዘሎ ጣለው። ሰው ሲደርስለት ሩሑ ወጥታ ነበር። በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበሩት። አባቱ ዳውድ አላለቀሰም። «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» እያለ ለተዝያ፣ ሊያጽናናው የመጣውን ሁሉ ተቀበለ። ከዚያም ፈረሱ በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንዲገደል አዘዘ። «ልጄን የበላ ጂን በግቢዬ አይኖርም» አለ። የተቃወመው ሰው አልነበረም።

ሐጂ ቡሽራ ለተዝያ ሲገቡ ፈረሱን ከግንድ ታስሮ አዩት። ኮርቻው ወርዶ አጠገቡ ተጥሏል። በጀርባው ላይ የወረደው ላብ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል። ከጫንቃው ግራና ቀኝ ግን መዳፍ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጨው የሚባል አልነካውም። ኮርቻ ሠሪ ይህን ሲያይ ይገባዋል፤ እንጨት አጥብቆ የተጫነው ሥጋ ላብ አያወጣም። ቀረብ ብለው መዳፋቸውን አሳረፉበት። ቆዳው ተንቀጠቀጠ። በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ፈረሱ ወገቡን ሰበረና አቃሰተ። ኮርቻውን ገልብጠው ሥሩን ዳሰሱት። ውስጡ የተሞላው ሱፍ ተረግጦ አልቋል፤ ከቆዳው በታች እንጨቱ ለጣት ይታወቃል።

ሸይጧን እንዲህ ባለ ሰዓት መልካም ምክር ይዞ ይመጣል። «ፈረሱን ለኔ ስጡኝ፤ ቁርኣን ልቅራበት» ቢሉ እምቢ የሚላቸው አልነበረም። ፈረሱም ይተርፋል፤ ስማቸውም ይተርፋል። ልጁ መጥቶ እንደጠየቃቸው ከአላህና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቀውን ልጅ አፈር አልብሰውት መመለሳቸው ነው።

ገቡና ከዳውድ ፊት ቆሙ።

«ይቀመጡ፣ ሐጂ» አለ ዳውድ። «ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው።»

«ቀደሩስ የአላህ ነው፣ ወንድሜ። ፈረሱን ግን አትግደለው፤ ጂን የለበትም። ጀርባውን ያሳመመው የኔ ኮርቻ ነው። ልጅህ መጥቶ እዩልኝ ብሎኝ ነበር። አላየሁለትም።»

አንድ ሽማግሌ ነገሩን ሊያበርዱ ፈልገው «ኧረ ሐጂ፣ ቀደር እኮ ነው፤ ራስዎን አይጉዱ» አሏቸው።

«አላህ የጻፈውን አላህ ያውቃል» አሉ ሐጂ ቡሽራ። «እኔ የማውቀው ያላደረግሁትን ነው።»

ዳውድ ከልጅነቱ ጀምሮ ሐጂ ቡሽራን አንቱ ሲል የኖረ ሰው ነበር። አሁን ቀና ብሎ አያቸው።

«አንተ፣ ልጄ ጠይቆህ ነበር?»

«ጠይቆኛል።»

«ምን አልከው?»

«የኔ ኮርቻ አይቆረቁርም አልኩት።»

«ፈረሱን ውሰደው» አለ ዳውድ። «አውፍ ብዬ ይቅር እንድልህ ግን ከኔ አትጠብቅ።»

ይህን ታሪክ ማሳመር የሚወዱ ሰዎች እዚህ ላይ ሁለቱን ያስተቃቅፏቸዋል። እኔ የሰማሁት እንዲያ አይደለም፤ የልጅ ሞት በአንድ ንግግር አይሽርም።

ሐጂ ቡሽራ ፈረሱን ወደ ግቢያቸው ወሰዱት። ጨርቅ በሞቀ የጨው ውኃ እየነከሩ ጀርባው ላይ ያኖሩለታል። ከዚያ መዳፋቸውን ቅቤ ቀብተው ከጫንቃው እስከ ወገቡ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ ያሹታል። መጀመሪያ ሊነክሳቸው ይዞር ነበር፤ አንድ ጊዜም ክንዳቸውን ይዞ አቁስሏቸዋል። አልመቱትም። እየዋለ እያደረ ሲያሹት አንገቱን ዝቅ አድርጎ በረጅሙ ይተነፍስ ጀመር። ሥጋው እስኪመለስ ማንም አልጫነውም። ለአዲሱ ኮርቻ ሲለኩለትም በዓይናቸው አልተማመኑም፤ በኮርቻው ሥር አመድ እየነሰነሱ ይጭኑታል፤ አመዱ የተፋቀበትን ቦታ አይተው እንጨቱን ይጠርቡታል፤ ሱፉን ይሞሉታል። ዝናብ ሲያባራና በጋ ሲጸና ደግሞ ኮርቻ የሠሩለትን ሰው ሁሉ በየቤቱ እየዞሩ የፈረሱን ጀርባ ይዳስሱ ነበር። አንዳንዱ አስገባቸው። ብዙው «ሰው የገደለ ኮርቻ» እያለ ወደ ሌላ ሠሪ ሄደ።

ቡላው ዳነ። ዳውድ ግን መልሶ አልወሰደውም፤ ፈረሱን መንገድ ላይ ሲያገኘውም ፊቱን ያዞር ነበር። ሐጂ ቡሽራ በየዒዱ ደጁ ድረስ ሄደው አውፍ ይጠይቁታል። በየዒዱም መልስ ሳያገኙ ይመለሳሉ።

የመስጊዱ ኢማም ይህን እያየ አዝኖ «ሐጂ፣ ያን ቀን ዳውድ ራሱ ቀደር ነው ሲልዎ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?» አላቸው።

«ቀደር ለሐዘንተኛ መጽናኛ ነው፤ ለጥፋተኛ መደበቂያ አይደለም» አሉት።

ሹፌሩ የላላ ፍሬን ይዞ ወጥቶ ሰው ይገድልና ቀደር ነው ይላል። ግንበኛው ሲሚንቶ ቆጥቦ ግድግዳው ሲደረመስ ቀደር ነው ይላል። እኛም ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለን ከንፈር እየመጠጥን ቀደር ነው እንላለን። በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው፤ የማያምን ሙእሚን አይደለም። ሆኖም ቃሉ የሚያምረው ልጁን በቀበረው በዳውድ አፍ ነው። ሐጂ ቡሽራ በራሳቸው አፍ ሲሆን ስርቆት እንደሚሆን ገባቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አንደበት በሌላቸው እንስሳት ጉዳይ አላህን እንድንፈራ አዘዋል። ያ ፈረስ በጆሮውም በጥርሱም ሲናገር ከርሟል፤ የሰማው ልጅ ብቻ ነበር፤ ልጁን ደግሞ የሰማው አልነበረም።

ሐጂ ቡሽራ ሲሞቱ ከተማው ሁሉ ለጀናዛቸው ወጣ። ኢማሙ ወደ ሰዉ ዞሮ «አውፍ በሏቸው» አለ። «አውፍ ብለናል» አለ ሕዝቡ። ዳውድ በመጀመሪያው ሰፍ፣ በፊተኛው ረድፍ ውስጥ ቆሞ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያየ የለም።