አፈ ስሱ ፈረስና ባልደራስ ሽባባው

አንድ ቀን ቀኛዝማች ዘለለው ከፈረሳቸው ላይ ወደቁ። በዚያ ወር ብቻ ሦስተኛቸው ነበር። ከአቧራው ውስጥ ተነሥተው ኩታቸውን እያራገፉ፣ ማንም ምንም ሳይላቸው፣

«አልወደቅሁም!» አሉ። «በራሴ ወረድሁ እንጂ!»

አሽከሮቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ባልደራሱ ሽባባው ግን ዝም ማለት አልሆነለትም።

«እውነት ነው ጌታዬ፤ በራስዎ ሲወርዱ እኔም አይቻለሁ። እግርዎ በኋላ ነው የደረሰው።»

ሽባባው እንዲህ ነው። ፈረስ ሲይዝ እጁ ወርቅ፣ ነገር ሲናገር ምላሱ እሾህ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ማሰብ የሚጀምረው። በዚህ አፉ የተነሣ ሁለት ጌታ ቀይሯል፤ አንድ ሰርግም አፍርሷል፣ ሙሽራው ደግሞ የገዛ ወንድሙ ነበር። ዐመሉን ራሱም አሳምሮ ያውቀዋል። «እግዜር አንድ አፍ ብቻ የሰጠኝ አዝኖልኝ ነው፤ ሁለት ቢሆን እስካሁን ተሰቅዬ ነበር» ይላል።

ቀኛዝማች ጥርሳቸውን ነከሱ። «ስማ! ለጥር ጊዮርጊስ ሰባት ቀን ቀርቷል። የዚያን ዕለት አገር ፊት ይህ ፈረስ ቢጥለኝ፣ ሚስትህን ይዘህ ከደጄ ትወጣለህ!»

ቀኛዝማች ከሰጡት ይልቅ የከለከሉትን የማይረሱ፣ እጃቸው የጠበቀ ሰው ናቸው። ሲዝቱ ግን አያጓድሉም። ሽባባው የሚያድርባት ጎጆ የእሳቸው፣ የሚበላው የእሳቸው፣ የሚወደው ፈረስም የእሳቸው ነበር።

ፈረሱ መልኩ ዳማ ነው፤ አንገተ ረጅም፣ ደረተ ሰፊ። ችግሩ አፉ ላይ ነበር። ቀኛዝማች የሚያጎርሱት ከአባታቸው የወረሱትን የብረት ልጓም ነው፤ ከአገጩ ሥር የሚያልፍ ወፍራም ቀለበት አለው። የልጓሙ ገመድ፣ ዛቡ፣ በተሳበ ቁጥር ብረቱ ምላሱን ይጫነዋል፣ ቀለበቱ መንጋጋውን ይጨምቀዋል። ዳማውም አፉን ይከፍታል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል። ያ ሁሉ ሰሚ ሲያጣ በሁለት እግሩ ይቆምና ያን ጊዜ ቀኛዝማች «በራሳቸው ይወርዳሉ»።

ሽባባው አንድ ጠዋት የፈረሱን ከንፈር ገልጦ ቁስሉን አሳያቸው።

«ጌታዬ፣ ፈረሱ ክፉ አይደለም። አፉ ስስ ነው። ለስለስ ያለ፣ የሚተጣጠፍ ልጓም ብናጎርሰው ምን ይመስልዎታል?»

«አፈ ክፉ በብረት ነው የሚገራ! የአባቴ ልጓም እያለ ሌላ ልጓም? እኔ አርባ ዓመት ፈረስ ላይ የኖርሁ ሰው ነኝ!»

ሽባባው «ከዚያ ውስጥ መሬት ላይ ያሳለፉትን ቀንሰው ነው?» ሊላቸው ሲል ምላሱን ነከሰ። ምላሱን ሲነክስ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ ደግሞም አመመው።

ከዚያ በኋላ በድብቅ ልጓም ይመርጥ ጀመር። አንድ ቀጭን ቀጥ ያለ ብረት ተውሶ አመጣ። ዳማው ጆሮውን አጥፎ ጀርባውን ሰጠው። መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ሁለት ቁራጭ ብረት አመጣ፤ ዳማው ጥቂት አላምጦ ተፋው። ብረቱን በጨርቅ ጠመጠመለት፤ ጨርቁን በላው። በመጨረሻ ሽባባው በደንብ ከለፋ የበሬ ቆዳ ሦስት ጠፍር ቆርጦ ጎነጎነና እንደ ልብ እስኪተጣጠፍ ድረስ ቅቤ እየቀባ ሲያሸው ዋለ።

እንዲህ ሲደክም አንድ ነገር ትዝ አለው። እሱ የሚመርጠው በዓይኑና በእጁ ነው፤ የሚጎርሰው ግን ሌላ ነው። «የቀመሰ ያውቃል» አለና ጋጣው ውስጥ ገብቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ የቀኛዝማችን የአባት ብረት አጥቦ ጎረሰው።

ሚስቱ ይታይሽ ጭድ ታቅፋ ስትገባ ባሏን ልጓም ጎርሶ ከፈረሱ ጎን ቆሞ አገኘችው። ጭዱን ጣለችው።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ ሰው?»

ሽባባው ብረቱን ከአፉ አወጣ። «ልጓም እየመረጥሁ ነው።»

ይታይሽ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ተመስገን! ሃያ ዓመት የተሳልሁት ስለት ዛሬ ደረሰልኝ!»

«ለፈረሱ ነው!»

«ፈረሱማ ምን አደረገ? እሱ በአፉ የተነሣ የሚጥለው ጌታውን ነው። አንተ የምትጥለው ቤትህን!»

እውነቷን ነበር። ሽባባው ብረቱን መልሶ ጎረሰና ዛቡን አቀበላት፤ ቀስ ብላ እንድትስበው በእጁ አመለከታት። ይታይሽ የሃያ ዓመቱን ባንዴ ሳበችው። ሽባባው እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከአጥሚት በቀር ሌላ ነገር ማኘክ አልቻለም።

ቀጥሎ የቆዳውን ጎረሰ። ወደ ቀኝ ሳበችው፤ ሳይታወቀው ዞረ። ወደ ግራ ሳበችው፤ ዞረ። ወደ በሩ መራችው፤ ተከትሏት ወጣ።

«ይኸኛው ነው» አለች ይታይሽ ዛቡን ሳትለቅ። «ለፈረሱ ብቻ መስጠቱ ግን ግፍ ነው።»

የጊዮርጊስ ዕለት ጠዋት ሽባባው የቆዳውን ልጓም ለዳማው አጎረሰው። የአሮጌውን ልጓም የብር ጌጥ ፈትቶ በጉንጩ በኩል አንጠለጠለበት። ዳማው ላሰው፣ አላመጠው፣ ከዚያ አንገቱን ለቀቅ አድርጎ ዝም አለ። ቀኛዝማች ጌጡን ብቻ አይተው ተቀመጡበት፤ አርባ ዓመት ፈረስ ላይ የኖረ ሰው ልጓም ጎንበስ ብሎ አያይም።

ሜዳው ላይ ጉግሱ ሲጀመር ሽባባው ከሕዝቡ ጀርባ ቆሞ ነበር። ጠፍሩ ቢበጠስስ? ዳማው አኝኮ ቢጨርሰውስ? ቀኛዝማች ዛቡን በሳቡ ቁጥር የሽባባው መንጋጋ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ዳማው ግን እንደ ወፍ በረረ። በጣት ሲነካ ዞረ፣ ቀስ ሲባል ቆመ። እልልታው ቀለጠ። ቀኛዝማችም ሲፈልጉ ብቻ፣ በእግራቸው፣ በክብር ወረዱ።

ከሰዓት በኋላ ዳስ ውስጥ ግብዣ ሆነ። ቀኛዝማች እንግዶቹ መሐል ተቀምጠው ደረታቸውን ነፉ።

«ያያችሁት የአባቴ ብረት ነው! አፈ ክፉ በብረት ነው የሚገራ ብዬ አልነበር?»

ግራዝማች ምንይችል የሚባሉ የፈረስ ነገር የሚያውቁ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከዳሱ አጠገብ ወደታሰረው ዳማ ሄደው ከንፈሩን ገለጥ አደረጉት።

«ዘለለው!» አሉ። «የአባትህ ብረት ዕድሜ ጠግቦ ለስልሷልሳ! ይህ ቆዳ አይደለም እንዴ?»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። የቀኛዝማች ፊት በርበሬ መሰለ።

«ሽባባው!»

ሽባባው ከአሽከሮቹ መሐል ተነሥቶ መጣ። እጁ ላይ ቁራጭ ሥጋ ይዟል። እንደ ቤቱ ደንብ ሻኛውና ጮማው ለእንግዳ፣ ጅማቱ ለአሽከር ነውና፣ ያችን ቁራጭ ሲያኝካት ብዙ ቆይቷል፤ እሷ ግን እንዳለች አለች።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም ጌታዬ።»

«የአባቴን ልጓም የት አደረግኸው?»

«ጋጣው ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። እኔም ጎርሼ ሞክሬዋለሁ። አባትዎን ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፈረሳቸው ጻድቅ ነበር።»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ሽባባው ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ተሰማው፤ ሊመልሰው ግን አልቻለም። ይታይሽ ከሴቶቹ መሐል ሆና ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቀኛዝማች ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ይኸን አፍህን! ያባረሩህ ጌቶች ሁሉ እውነት ነበራቸው! የፈረሱንስ አፍ በጠፍር ገራኸው፤ ያንተን አፍ በምን እንግራው? ተናገር! መድኃኒቱን ካልነገርኸኝ ዛሬውኑ ከደጄ ትወጣለህ!»

ሽባባው ጌታውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ እጁ ላይ ያለችውን ጅማት አየ።

«እኔ ከዳማው በምን እለያለሁ ጌታዬ» አለ። «እስካሁን ያጎረሱኝ ጠንካራ ጠንካራውን ነው። እስቲ ለስለስ ያለውን ያጉርሱኝና አፌ ካልተገራ ያባሩኝ።»

ግራዝማች ምንይችል ከሳቁ ብዛት በትራቸው ወደቀ። ቀኛዝማችም እንግዳ ሁሉ ሲያያቸው ጊዜ፣ ከፊታቸው ካለው ሻኛ ወፍራም ቁራጭ ቆርጠው በገዛ እጃቸው አጎረሱት፤ ሽባባውም ጭጭ አለ፣ እስኪውጥ ድረስ።