ግጥሙን የሰጠው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ደምለው፣ ቁጭ በልና ስማ። «ጓደኛችን የሸማኔዎች ማኅበራችንን ሊቀመንበር በጉባኤ ፊት ስለወቀሰ ነገ ሊያባርሩት ነው፤ ዝም ብል ምን ኃጢአት አለብኝ? የተናገረው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም» ብለህ ጠይቀኸኛል። ጥያቄህ ደሜን አፍልቶታል፤ ቢሆንም በምሳሌ እመልስልሃለሁ።

ሰውየው ዘፋኝ ነበረ። መሰንቆውን ከአባቱ ወርሶ በየሠርጉና በየክርስትናው እየተጫወተ አደገ። ድምፁ ሲነሣ ሙሽራ ታለቅስ፣ ያዘነም ይጽናና ነበር። ይሁን እንጂ «አዝማሪ ነው» ብለው የሚያበሉት ከደጅ ነበር። ሲዘፍንላቸው እንባቸውን ያፈሳሉ፤ ገበታ ሲቀርብ ግን አጠገባቸው አያስቀምጡትም። ደግሞ ይህን ክብር ይሉታል!

በኋላ በከተማቸው ቴአትር ቤት ተሠራና ዘፋኙ ተዋናይ ሆነ። ንጉሥ ሆኖ ሲተውን፣ እነዚያው በደጅ ያበሉት ሰዎች ትኬት ቆርጠው እየገቡ ያጨበጭቡለት ጀመር። በመንገድ ሲያልፍ «ጃንሆይ፣ እንደምን ዋሉ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ እሱም በግርማ ራሱን ነቅንቆ ያልፋቸዋል። ሃያ ዓመት በዚያ መድረክ ላይ ኖረ። ሌላ ሙያ አያውቅም፤ ሌላም አልፈለገም።

ቴአትሩ ሲያልቅ የንጉሥ ካባውን ሳያወልቅ መሰንቆውን ይዞ ብቅ ይላል። ከተመልካቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ በዜማ ይለዋል። ወጉን ታውቀዋለህ። ግጥሙ የሰጪው ነው፤ ዘፋኙ የሚያዋሰው ድምፁን ነው። በዚያች ከተማ ደንብ ደግሞ ዘፋኝ የሰጪውን ስም አይጠራም። ጠያቂ ከመጣ ሰጪው ራሱ ተነሥቶ «የእኔ ነው» ማለት አለበት።

በዚያን ጊዜ የከተማው ሹም ሕዝቡ የሚጠጣውን ምንጭ ወደ ጓሮው ጠልፎ ጎመኑን ያጠጣበት ነበር። ሁሉም በየቤቱ ያማዋል፤ ፊቱ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። አንድ ቀን ታዲያ አንድ የእህል ነጋዴ ከፊት ወንበር ብድግ ብሎ «ተቀበል!» አለ።

«ምንጩን ወደ ጓሮው ጠልፎ አስገብቶታል፣
የሹም ጎመን ረክቶ ልጄን ግን ጠምቶታል።»

ዘፋኙ መሰንቆውን ቃኘ። ነገሩ ምን እንደሚያመጣ አልጠፋውም። ግን የራሱም ልጆች ውሃ ጠምቷቸዋልና ተቀብሎ ዘፈነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። «ድገመው! ድገመው!» አሉት። ደገመው።

በሦስተኛው ቀን ሹሙ ዘፋኙን በዚያው አዳራሽ ለፍርድ አቆመው። ያጨበጨቡት ሰዎችም ተጠርተው ተቀምጠዋል።

«ይህን ግጥም ማን ሰጠህ?» አለው ሹሙ።

«ሰጪው እዚሁ አለ፤ አፍም አለው» አለ ዘፋኙ። ከዚያ ወደ ወንበሮቹ ዞረና ጠበቀ።

ጠበቀ እልሃለሁ! ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ የኩታውን ጥለት ይመረምር ጀመር። አጠገቡ ያለውን ሰውዬ ሳል ያዘው። በመጨረሻ ሹሙ ወደ ነጋዴው እያመለከተ «አንተ ከፊት ነበርክ፤ ምን ሰማህ?» ሲለው፣ ተነሥቶ እጅ ነሣና «ጌታዬ፣ እኔ በጆሮዬ የሰማሁት እሱ ሲዘፍን ነው» አለ። ውሸት ነው? አይደለም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ቢዋሽ ይሻለው ነበር። እውነትን ቢላ አድርጎ ሰው አረደባት።

ዘፋኙ ከመድረክ ታገደ። መሰንቆው ተወሰደ፤ ማንም ለሠርጉ እንዳይጠራው ተከለከለ። የንጉሡን ካባ ሌላ ሰው ለበሰው። እሱ በገበያ ኩንታል ተሸካሚ ሆነ፤ የሚሸከመውም ለዚያው ነጋዴ መጋዘን ነበር። ነጋዴው ሲያየው «አይዞህ ወንድሜ፣ እግዜር ያውቃል» ይለዋል። ለምን ዝም እንዳለ ወዳጆቹ ሲጠይቁት ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» እያለ ይተርታል። ይነቅዛል እንጂ! የእሱ ዝምታ ነቅዞ ከተማውን ሁሉ አገማው።

ግጥሙ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ሕዝቡ በየገበያው ሲያንጎራጉረው ሹሙ አፈረና በዓመቱ ምንጩን ለቀቀው። ከተማው ጠጣ። ነጋዴውም ጠጣ፣ ያውም እንስራውን በአህያ እያስጫነ። «ዘፋኙን እንመልሰው» ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። ዘፋኙ ድምፁ ከኩንታል ሥር እንደታፈነ ሞተ። ሲቀበር «ወይኔ፣ ድምፁ እንዴት ያምር ነበር!» እያሉ አለቀሱለት። ማልቀሱንማ ያውቁበታል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ደምለው። ያ ነጋዴ አንተ ነህ። አታቀርቅር፣ እየኝ። ሊቀመንበሩ ደህና ደህናውን ድር ለዘመዶቹ እያደለ ለእናንተ የሚበጣጠሰውን እንደሚሰጥ መጀመሪያ ያወራኸው አንተ ነህ፤ እሑድ ዕለት፣ በገዛ ቤትህ። ያንን ምስኪን «አንተ አፍ አለህ፣ ተናገርልን» ብላችሁ የላካችሁት እናንተ ናችሁ። እሱም እንደ ዘፋኙ ድምፁን አዋሳችሁ። አሁን እንጀራው ሊቆረጥ ሲል «የተናገረው እሱ ነው» ትለኛለህ! እውነትህን ነው፤ ነጋዴውም እውነቱን ነበር።

ነገ ሊቀመንበሩ «ይህን ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጓደኛህም ዞሮ ያያችኋል። ያን ጊዜ ተነሣና «ያልኩት እኔ ነኝ» በል። ሦስት ቃል ናት። እሷን ማለት ካቃተህ ግን፣ እሑድ ዕለት ቤትህ ተቀምጦ ያን ሁሉ ያወራው የማን አፍ ነበር?