ግሪስ የተቀባው እግር

የታክሲ ረዳት ነኝ። በሩ ላይ ተንጠልጥዬ ተሳፋሪ ስጣራ የተገነጠለ ቆርቆሮ ባቴን ቀደደው። ሲጢጥ የሚል በር ግሪስ ሲቀባ ዝም እንደሚል አውቃለሁና፣ በዚህ በተባረከ ጭንቅላቴ ቁስሉን ግሪስ ለቀለቅኩት። በሳምንቱ እግሬ እንደ ጎማ ተነፍቶ ሆስፒታል ተኛሁ።

ዳንኩ ስል ሾፌሩ፣ "ነገ ካልመጣህ ሌላ ረዳት ይዣለሁ" ብሎ ላከብኝ። በዚያው ጠዋት ዋናው ሐኪም ተማሪዎቻቸውን አስከትለው፣ አልጋ ለአልጋ እየዞሩ እኔ ጋ ደረሱ። ጓንት ባጠለቀ እጃቸው እግሬን ጫን ጫን አደረጉና፣

"ድኗል" አሉ። "ግን ግሪስ የሚቀባ ጅል እንዲሁ አልለቅም። ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍ ለተማሪዎቼ አስረዳ። ካላወቅክ አንድ ሳምንት ትጨምራለህ!"

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ራሴ ሳቅኩ።

"ዶክተር፣ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ደደብ ነኝ፤ ባክቴሪያን በመልክ አላውቀውም። መስመሩን ግን ልንገርዎት። አንደኛው አልጋ ላይ የጋሽ ዘርጋውን መግል ሲነኩ ጓንትዎ ላይ ተሳፈረ። ሁለተኛው አልጋ ጥቂቱ ወረደ፣ ሦስተኛው አልጋ ሌላ ተጨመረ። ጓንቱ ስላልተቀየረ ይኸው፣ ሁሉም ባቴ ላይ ደርሰዋል።"

ዶክተሩ እጃቸውን ከእግሬ ላይ ቀስ ብለው አነሱ።

"አላሰናብትህም ካሉኝም ግዴለም" አልኳቸው። "በትምህርት ቤት አንድም ቀን አንደኛ ሆኜ አላውቅም። ነገ ግን እባክዎ ከእኔ ይጀምሩ።"