ወስፌ ያልያዘች ሙሽራ

«ተረት ተረት።»

«የአክርማ ስፌት።»

እንዲያ በሉ። የላሟን በረት ዛሬ ተዉት፤ ላሟም ትረፍ። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ እግርህን ሰብስብ። አንቺም ያንን የበቆሎ እሸት ስትግጪ ድምፅሽን ቀንሺ፤ እኔም ጥርስ ነበረኝ። ደህና።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ወንዝ ወዲህ፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ነበርና ከአንዲት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። የልጅቷ ስም ይታይሽ ነው። አንጓች ባለሙያ ነበረች። ሽሮዋ ሲንተከተክ መንገደኛው ሁሉ ይቆማል። መሶብ ስትሰፋ ዙሩ ከዙሩ ከመግጠሙ የተነሳ ውሃ ቢያፈሱበት የሚያፈስ አይመስልም። ሠርግ ያለበት ይጠራታል። ተዝካር ያለበት ይጠራታል። እሷም፦ «እኔ ባልኖር ምን ልትሆኑ ነው?» ትላለች። ይህን ስትል ደስ ይላት ነበር።

ይታይሽ ግን ምንም አትሠራም። ሰነፍ ሆና አይደለም። ሰነፍ ብትሆንማ ተረቱ ባጠረልን። ልጅቷ ትሞክር ነበር። ማማሰያውን ታነሳና ወጡን ማማሰል ትጀምራለች። እናቷም ትመጣና፦ «ስጪኝ፣ ታሳርሪዋለሽ» ትላለች። ልጅቷ ትሰጣለች። ወስፌውን ታነሳና አክርማውን በስንደዶው ላይ መጠምጠም ትጀምራለች። እናቷም፦ «ስጪኝ፣ ጣትሽን ትወጊዋለሽ» ትላለች። ልጅቷ ትሰጣለች። ከዚያም ሳትጠየቅ መስጠት ለመደች። ከዚያም ማንሳቱንም ተወችው።

ጎረቤቷ ውዴ ይህን ታዝባ፦ «አንቺ አንጓች፣ ይቺን ልጅ ለምን አታሠሪያትም? ነገ ትዳር አለባት» አለቻት።

አንጓችም፦ «እኔን በልጅነቴ የወጋኝ ወስፌ ለሁለታችንም ይበቃል። የአማቴ ቤት ጭስም ዓይኔን ጨርሶታል። ልጄ እንደኔ አትሆንም» አለች።

«ታዲያ ምን ልትሆን ነው?»

«ልጄ ትሆናለቻ።»

«እሱንማ ሆናለች። ሌላ አልኩሽ እንጂ» አለችና ውዴ እንስራዋን አዝላ ሄደች።

ይታይሽ አደገችና ከወንዙ ማዶ ሽማግሌ ተላከባት። ልጁ ልንገረው ይባላል። ዝምተኛ ነው። በእናቱ ቤት የመናገር ተራ ደርሶት አያውቅምና ዝምተኛ ቢሆን አይፈረድበትም። እናቱ ደብሪቱ ትባላለች። ምላሷ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም የታወቀ ነው።

በጥር ተደገሰ። በሠርጉም ቀን እንደ አገሩ ደንብ የሙሽራይቱ የእጅ ሥራ ተደረደረ። መሶቡ፣ ሌማቱ፣ ሙዳዩ። ሁሉንም የሰፋችው አንጓች ነበረች። ደብሪቱ መጣችና ሌማቱን አነሳች። ገልብጣ ጀርባውን አየች። በጥፍሯም ቧጨረችው።

«ይሄ የማን እጅ ነው፣ እትዬ አንጓች?»

«የልጄ ነዋ። የማን ይሁን?»

ደብሪቱ የይታይሽን እጅ ያዝ አድርጋ መዳፏን ዘረጋችው። ጭረት የለበትም።

«ወስፌ የሚያውቅ እጅ አይመስልም።»

«ቅቤ ስለምቀባት ነው» አለች አንጓች።

ደብሪቱ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል የሚያውቋት ሰዎች ይፈሩ ነበር።

ሙሽሮቹ ማዶ ተሻገሩ። አንጓች ግን ልጇን ዳርኩ ብላ አልተኛችም። ገበያው ከወንዙ ወዲህ ነበርና በየገበያው ቀን እናትና ልጅ ይገናኛሉ። አንጓች ሽሮውን መጥና፣ ድልሁን አብስላ፣ ቁሌቱን አቁላልታ በቅል ትሰጣታለች። ይታይሽ ማዶ ወስዳ ውሃ ጨምራ ታሞቀዋለች። የተጀመረውን ሌማት ከነጠላዋ ሥር ታመጣለች፤ እናቷ የሰፋችውን ደግሞ ትወስዳለች። ማዶ ያሉት ሰዎችም፦ «ይቺ ልጅ ስትሰፋ አይተናት አናውቅም፤ ሌማቱ ግን ያድጋል» እየተባባሉ ይገረሙ ነበር። ወጧንም እየበሉ ጣታቸውን ይልሱ ነበር። ደብሪቱም ትበላለች። ትበላና ትከሻዋን ነቀነቅ ታደርጋለች።

ዝናቡ ሳይጀምር ይታይሽ ማርገዟ ተሰማ። አንጓች ከደስታዋ ብዛት ገበያ መሐል እልል አለች። በዚያ አገር ልማድ ሴት ልጅ የበኩር ልጇን የምትወልደው በእናቷ ቤት ነው። አራስ የምትሆነውም እዚያው ነው። እናቷ ገንፎ ታገነፋላታለች፣ ታጥባታለች፣ ልጁንም ታቅፍላታለች። አንጓች ከዚህ ሌላ በዚህ ዓለም የምትመኘው ነገር አልነበራትም። ልጇ ወደ ቤቷ ልትመለስ ነው። ለጥቂት ጊዜም ቢሆን፣ ማማሰያውን አቀብላ፣ ልትተኛላት ነው።

ከዚያም ክረምት ገባና ወንዙ ሞላ። በዋናተኛም በጀልባም አይሻገሩትም። ገበያውም ተበተነ።

አንጓች ክረምቱን ሙሉ ሠራች። ገብስ ፈተገች፣ ቆላች፣ ፈጨች፣ ለገንፎውም አኖረች። ቅቤ አነጠረች። መደቡን ለቀለቀች። ከዚያም ተቀምጣ መሶብ ሰፋች። ለልጇ የመስቀል ድግስ የሚሆን፣ ባለ እግርና ባለ ክዳን፣ አለላው በቀይና በጥቁር የተጣለ። እንዲያ ያለ መሶብ ሰፍታ አታውቅም። ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ ወንዙ ዳር ትወርድና ማዶ ታያለች። ጭስ ይታያል። ጭሱ የልጇ ምድጃ ይሁን የሌላ አታውቅም። «ምን በልታ ይሆን?» ትላለች። «ምን ብለው ሰድበዋት ይሆን? እኔ የሌለሁበት ቤት» ትላለች። እንባዋም ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ከእንባው ሥር ትንሽ ደስታ ነበረበት። ያለ እኔ እንደማይሆንላት አሁን አወቁት፣ የሚል ደስታ።

መስከረም ጠባ። ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆነ። ወንዙም ጎደለና ድንጋዮቹ ጀርባቸውን አወጡ። በመስቀል ዋዜማ አንጓች መሶቡን በነጠላ ሸፍና ተሸክማ ተሻገረች።

ደብሪቱ ቤት ስትደርስ ከማጀት ጭስ ይወጣል። ገባች። ይታይሽ ሆዷ ገፍቶ ምድጃው ፊት ቁጢጥ ብላለች። ዶሮውን ብልት በብልት አውጥታለች፣ ሽንኩርቱን እያቁላላች ነው። ዓይኗ ቀልቷል። ጣቶቿ በወስፌ ተበሳስተዋል፣ አንዱ አውራ ጣቷም አብጧል። ተነስታ እናቷን ሳመች። መልሳም ቁጢጥ አለች።

አንጓች ወደ ድስቱ አየች። ሽንኩርቱ ሊይዝ ነው። እጇን ዘረጋች።

«ስጪኝ።»

«ተዪው፣ እማዬ።»

«ሊያርር ነው ልጄ። ስጪኝ።»

«አይቼዋለሁ» አለች ይታይሽ። ውሃ ጠብ አደረገችበትና አማሰለች። ማማሰያውንም አልሰጠቻትም። የአንጓች እጅ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየና ተመለሰ።

ደብሪቱ ከውጭ ገባችና፦ «እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ አንጓች። ልጅዎን አዩዋት?» አለች።

«ጣቷን ምን አድርጋችሁት ነው?»

«ይቀመጡ ልንገርዎ» አለች ደብሪቱ። «ወንዙ የሞላ ሰሞን የእርስዎ ሽሮ አለቀ። ከዚያ ሌላ ሽሮ መጣ። ድንጋይ ቢቀቅሉት ይሻላል። ልንገረው በላና ዝም አለ። እሱ መቼም ድንጋዩንም ቢሰጡት ዝም ነው። ውሻው ግን አሽትቶ ሄደ። ለውሻው አክብሮት ያደረብኝ ያን ጊዜ ነው። ሌማቱም ማደጉን አቆመ። ጠራኋትና፦ የማን እጅ ነው ያ ሁሉ? አልኳት። አለቀሰች። ነገረችኝ።»

አንጓች መሬት መሬት አየች።

«ከዚያ ተሳደብኩ» አለች ደብሪቱ። «አልዋሽዎትም፣ ክረምቱን ግማሹን ተሳደብኩ። በኋላ ስድቡ አለቀብኝ። ዝናቡ ደግሞ አላለቀም። ሥራም የለ። ምን ላድርግ፣ ወስፌ ሰጠኋትና አስተማርኳት።»

ከዚያም ለሌላ ጉዳይ ወጣችና እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። አንጓች ነጠላውን ገለጠች። መሶቡ ጭስ በጠቆረው ማጀት ውስጥ ደምቆ ታየ። ይታይሽ አየችውና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ዳሰሰችው።

«እንዴት ያምራል፣ እማዬ።»

«ያንቺ ነው። ነገ በድግሱ ላይ እንጀራ አቅርቡበት። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ሰውነቴ ከብዶኝ ሳልጨርሰው ቆይቼ ነው በይ። አፋቸውን ይይዛሉ።»

ይታይሽ ድስቱን ከደነች።

በማግስቱ መስቀል ሆነና ጎረቤቱ ተሰበሰበ። እንጀራው የቀረበው ይታይሽ በሰፋችው ሌማት ላይ ነበር። አቤት ሌማት! አንድ ጎኑ ከፍ፣ አንድ ጎኑ ዝቅ። ወጡ ወደ አንድ ወገን ይንሸራተታል። የአንጓች መሶብ ጥግ ላይ ክዳኑ ተከድኖ ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ መሶቡን አይተው፦ «ያ ግሩም ሥራ የማን ነው?» አሉ።

አንጓች «የልጄ» ልትል አፏን ከፈተች።

ይታይሽ ቀደመቻት፦ «የእናቴ ነው፣ አባባ። የኔ ይሄ ጠማማው ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ልንገረው ያን ጊዜ ተናገረ፦ «ጠማማም ቢሆን ወጡ ወደኔ ነው የሚመጣው።» እናቱ እንኳ ሳቀች። አንጓችም እንደ ሰው ፈገግ አለችና ጎረሰች። ወጡ ጨው በዝቶበታል። ዙሪያውን ቃኘች። ሁሉም ይጎርሳል። ማንም አላማረረም።

ጎረቤቱ ሲበተን አንጓች ልጇን ጠራቻት።

«በይ ተዘጋጂ። ነገ በጠዋት ቀስ እያልን እንሻገራለን። መደቡን ለቅልቄዋለሁ፣ የገንፎው ዱቄትም ተሰናድቷል።»

«እማዬ፣ እዚሁ እወልዳለሁ።»

አንጓች የሰማችውን አላመነችም። ደብሪቱም አላመነችም። ደብሪቱ እንዲያውም ደነገጠች፦ «ምን ነካሽ አንቺ? የበኩር እኮ ነው። ደንቡ የእናት ቤት ነው። ሰው ምን ይለኛል? ነጠቀቻት ሊሉኝ?» አለች።

«ይበሉ፣ እማማ» አለች ይታይሽ።

«አማትሽ አስጠንቁላብሽ ነው» አለች አንጓች። «ለዚህ ነው ያሳደግኩሽ? ክረምት ሙሉ ስትሰድብሽ የከረመች ሴት ገንፎ አማረሽ?»

«የሷ ገንፎ የጓጎለ ነው፣ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

ይታይሽ ሆዷን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «አንቺ ቤት ከወለድኩ ሁሉንም ትሠሪልኛለሽ» አለች። «ልጄን ታጥቢዋለሽ። ታዝይዋለሽ። ሲያለቅስ ስጪኝ ትይኛለሽ። እኔም እሰጥሻለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ከመደቡ ስነሳ ልጄን ማዘል እንኳ ሳላውቅ እመለሳለሁ።»

«እኔ ጠልቼሽ ነው?»

«አልጠላሽኝም። ጠልተሽኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ይህን ክረምት አማቴ ስትሰድበኝ መልስ ነበረኝ። አንቺን ምን ብዬ ልመልስልሽ?»

ለሠርግም ለተዝካርም የምትጠራዋ፣ ሁሉን የምታውቀዋ አንጓች ነጠላዋን አጣፋችና ተነሳች። ደብሪቱ እስከ በር ሸኘቻት። ስትሰናበታትም፦ «መሶቡን ለክብሩ ከግድግዳ እንሰቅለዋለን» አለች። አንጓች የሚሰቀል መሶብ እንጀራ እንደማይቀርብበት ታውቃለች። አንገቷን ነቅንቃ ሄደች።

ብቻዋን ወንዙን ተሻገረች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ገባች። እጇ መቀመጥ አይችልምና ውሃ ጣደች። ለአራስ ያኖረችውን ዱቄት አወጣች። ገንፎ አገነፋች። መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ በርበሬ ነሰነሰችበት፣ ቅቤውንም አፈሰሰች። አንድም ጓል የለውም። እንዲያ ያለ ገንፎ በዚያ አገር ተገንፍቶ አያውቅም።

ሽታው ስቧት ውዴ በበሩ አንገቷን አስገባች።

«እሰይ። ማን ወለደ?»

«ማንም» አለች አንጓች። «ግቢ፣ ብዪ።»

ውዴ ገባችና ተቀመጠች። ሌላም አልጠየቀችም። ሁለቱ በሉ በሉ፣ ብዙ ተረፈ።

እኔም ተረቴን እዚህ አኖርኩት። እናንተ ደግሞ የተራኪውን አፍ በዳቦ አብሱ። ዳቦውን ግን ራሳችሁ ጋግራችሁ አምጡ፤ እናቶቻችሁ የጋገሩትን አልቀበልም። ቢያርርም እበላዋለሁ።