ለሙሽራ የማይነገር ወሬ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ አባባ ሽብሩ፣ እሌኒ ጥያቄዋን ጠይቃ ሳትጨርስ።

አባባ ሽብሩ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎረቤቱን ሰብስበው ማለዳ በር የሚያንኳኩት እሳቸው ስለሆኑ፣ በጠዋት ወደ ደጁ ሲመጡ ያየ ሁሉ ልቡ ይደነግጣል። እሌኒ ግን ያን ቀን ማለዳ በራሷ እግር ነበር ቤታቸው የመጣችው፤ ልትሰናበት። አውሮፓ ውስጥ አንድ ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት ቀጥሯት ትኬቷ ተቆርጧል። እናቷ «ለፋሲካ እስክትመለሺልኝ ወግሽን እንዳትጥዪ» ትላታለች። ቀድሟት የሄደ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ደግሞ «የአገር ቤት ጠባይሽን ቦሌ ጥለሽው ነይ፤ እዚህ አያዋጣም» ብሏታል። የማንን ልስማ ነበር ጥያቄዋ። ሽማግሌው መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ቀጠሉ።

ሰውየው እንዳንቺው ፕሮግራም ሠሪ ነበር። እዚህ ሳለ ደህና ሥራ ነበረው፤ ግን ዓለም ከደረሰበት ልድረስ ብሎ ቆርጦ ተነሣ። ቤተሰቡን ሲሰናበት «ሳይሳካልኝ አልመለስም» አለ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ቢርበው እንኳ በልቻለሁ ይላል።

አውሮፓ ሄዶ የገባበት ድርጅት ትንሽ ነው። ስታርትአፕ ይሉታል። እኔ እንደገባኝ ገና በዳዴ እየሄደ፣ ነገ እሮጣለሁ ብሎ ለአገር ያወራ ድርጅት ማለት ነው። የድርጅቱ ባለቤት ወጣት ሴት ናት። የሠሩት ነገር ግን ቁም ነገር ነበር። በዚያ ከተማ ሽማግሌውም አሮጊቷም ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ልጅ ሩቅ ነው፣ ጎረቤት በሩን ዘግቷል። ለእነዚህ ሰዎች የመድኃኒታቸው ሰዓት ሲደርስ ስልካቸው በሰው ድምፅ ይጠራቸዋል። «የጠዋቱን መድኃኒት ይውሰዱ» ይላቸዋል፤ እነሱም ይውጣሉ። ወስጃለሁ ወይስ አልወሰድኩም ብሎ መጨነቅ ቀረላቸው። ድምፁን አመኑት።

ድርጅቱ አንድ ልማድ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹ ክብ ሠርተው ይቆሙና እያንዳንዱ ትናንት ምን እንደሠራ፣ ዛሬ ምን እንደቸገረው ይናገራል። አንዱ «አቅቶኛል» ይላል። ሌላው «ትናንት የሠራሁት ተበላሽቷል» ይላል፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ምንም ሳይመስለው። ሰውየው ይህን ሲሰማ ለነሱ ብሎ ያፍር ነበር። ተራው ሲደርስ «ሁሉም ደህና ነው» ይላል። እኛ እንዲህ አይደል ያደግነው? ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲባል መጀመሪያ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው፤ ቃጠሎው ቀስ ብሎ ይመጣል። እሱ ግን ቀስ ብሎም አያመጣውም። በዚያ ላይ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ነው፤ ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የቸገረውን ሁሉ ለብቻው ይታገላል፣ አብዛኛውንም ያሸንፋል። ሰነፍ አልነበረም።

እነዚያ አገሮች ብርዱ ሲጀምር ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። አትሳቂ፣ የምሬን ነው። አገሩ በሙሉ ቅዳሜ ተኝቶ እሑድ ሲነሣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠብቀዋል። የኛ ሰው በዚያው ሳምንት ሐሙስ ቀን ሌላ ነገር ሲያስተካክል አንድ ጉድ አየ። የአዛውንቶቹ ስልክ ሰዓቱን ሲመልስ የድርጅቱ ዋና ኮምፒውተር አይመልስም። ሁለቱ ስለማይስማሙ እሑድ ጠዋት ድምፁ ሁለት ጊዜ ሊጠራ ነው፤ አንዴ በአሮጌው ሰዓት፣ አንዴ በአዲሱ። ሁለቴ የተጠራ ሽማግሌ ሁለቴ ይውጣል። ከመድኃኒቶቹ ውስጥ የልብ አለ፣ የስኳር አለ። እጥፍ ከተዋጠ ሰው የሚገድል ነው።

ብድግ ብሎ ወደ ባለቤቷ ክፍል ሄደ። በሩ ክፍት ነበር። ሠራተኞቹ አበባ ይዘው ከበዋት ይሳሳቃሉ፤ ለካ ቅዳሜ ሠርጓ ነው። እሱንም ጎትተው አስገቡት። አብሮ ሳቀ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለ፣ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ለሙሽራ መርዶ ይነገራል? አይነገርም። ልጅ ሳለ በዓይኑ ያየው ነው። አክስቱ ልትዳር ቀናት ሲቀሯት ሩቅ አገር ያለ ወንድሟ ሞቶ ነበር። ሠርጉ እስኪያልፍ፣ መልሱም እስኪበላ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ ትንፍሽ ያለ አልነበረም። የሰው ደግነት ያን ጊዜ እንደገረመው ይኖራል። እናም ሆድ ይፍጀው አለ። እስከ እሑድ ራሴ አስተካክለዋለሁ፣ እሷም ሳትሰማው ያልፋል ብሎ ቆረጠ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ እንዲያውም ደግ የሠራ መስሎታል።

ዓርብ ጠዋት ክብ ሠርተው ሲቆሙ «ሁሉም ደህና ነው» አለ። ቀኑን ሙሉ ቀና ሳይል ሠርቶ ስሕተቱን አረመው። በራሱ ስልክ ሲሞክረው ሠራለት፤ አምላኩን አመሰገነ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሲያይ እርማቱ አዛውንቶቹ ስልክ ውስጥ አልገባም። ሰዎቹ ራሳቸው ስልኩን ነክተው እሺ ካላሉት አይገባም፤ ልጆቻቸው ደግሞ የማታውቁትን ነገር እንዳትነኩ ብለው አስጠንቅቀዋቸዋል። ሁሉንም ልዝጋው ቢል ድምፁ ለማንም አይመጣም፤ ያም ሌላ አደጋ ነው። እንደ ጨነቀው ሱፉን ለበሰና ወደ ሠርጉ ሄደ።

ያስቀመጡት ከሙሽራዋ አባት አጠገብ ነበር። ሽማግሌው ተነሥተው ስለ ልጃቸው ንግግር ጀመሩ። መሃል ላይ ኪሳቸው ያለው ስልክ በዚያ በሚያውቀው ድምፅ «የቀኑን መድኃኒት ይውሰዱ» አለ። ንግግራቸውን አቁመው ክኒኑን አወጡና በውሃ ዋጡት። እንግዳው ሁሉ ሳቀ፣ አጨበጨበም። ድርጅቱ የተጀመረው ለሳቸው ነበር፤ ልጃቸው ይህን ሥራ ያሰበችው አባቷ መድኃኒታቸውን እየረሱ ስላስቸገሯት ነው። ሲቀመጡ ወደ ሰውየው ዘንበል አሉና «ልጄን እንኳ እንዲህ አልታዘዛትም፤ ሲጠራኝ አልጠይቅም፣ እውጣለሁ» አሉት።

ሰውየው ሹካውን አስቀመጠ። አሁን የፈራው ለሥራው አልነበረም። ያን ጊዜ የአክስቱ ነገር ሌላው ግማሹ ትዝ አለው። አዎ፣ ደብቀዋታል። ግን መልሱ በተበላ ማግስት ማለዳ መጡ። አንድ ሰው አልላኩም፤ ሁሉም መጡ። ነግረዋትም ወደየቤታቸው አልሄዱም፤ ደገፏት፣ ውሃ አቀበሏት፣ ከጎኗ ተቀመጡ። ደግሞም ወንድሟ ሞቶ ተቀብሯል፤ ወሬው ቢዘገይ የሚጨመር ሞት አልነበረም። እሱ ሆዱ ውስጥ የያዘው ግን ገና ያልሞተ ሰው መርዶ ነው።

ተነሣ። ወደ ሙሽራዋ ብቻውን አልሄደም። መጀመሪያ የሥራ ባልደረቦቹን ጥግ ጠርቶ ሐሙስ ያየውን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዚያ ተከታትለው ወደ ሙሽራዋ ሄዱ። አረማመዳቸውን ብታዪ የኛ ዕድርተኞች ናቸው ትያለሽ።

በዚያ በሚኮላተፍበት ቋንቋ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ ነገራት።

«ለምን ሐሙስ አልነገርከኝም?» አለችው።

«ሙሽራ ስለሆንሽ። በእኛ አገር ለሙሽራ ክፉ ወሬ አይነገርም።»

 አሻግራ አባቷን አየች። «ለሠርጌ አዝነህ አባቴን ልትገድልብኝ ነበር» አለች።

 የቬሎዋን ጫፍ ሰብስባ ተቀመጠችና ኮምፒውተር አስመጣች። ሥራው ከባድ አልነበረም፤ የብዙ ሰው ሥራ ነበር እንጂ። ለእያንዳንዱ አዛውንት ደውሎ «ነገ ጠዋት ሁለቴ ቢጠራዎት ሁለተኛውን አይስሙት» ማለት ነው። ሰውየው ሦስት ቀን ቢደውል ኖሮ እንኳ በዚያ አነጋገሩ የሚያምነው አያገኝም ነበር። ሠራተኞቹ ስሞቹን ተከፋፈሉ። አልበቃም፤ ሚዜዎቹ ተጨመሩ፣ የሙሽራው አክስቶች ተጨመሩ፣ ሙዚቃው ቆመ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ የምንለው ለፈረንጅም ይሠራል ለካ። አንዲት አሮጊት ስልክ አላነሣ ብትል ሙሽራው ራሱ በአበባ በተሸለመው መኪና ሄዶ በሯን አንኳኳ። እሷም ያን ያጌጠ ጎረምሳ ስታይ ቤት ተሳስተሃል ብላ ልትዘጋበት ነበር።

እሑድ ጠዋት ድምፁ እንደተፈራው ሁለቴ ጠራ። ሁሉም አንዴ ብቻ ዋጡ። የሙሽራዋ አባት ሁለተኛውን ሲሰሙ እጃቸው ወደ ክኒኑ ሄዶ ነበር ይባላል፤ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ያዘችላቸው።

ሰኞ ሰውየው ሥራ ገባ። ዕቃውን አልሰበሰበም፤ እንደ ወትሮው ክቡ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሙሽራዋም ጫጉላዋን አቆይታ መጥታ ነበር። በሁሉም ፊት እንዲህ አለችው፦ «በስሕተቱ አልተቆጣሁም፤ እሱ የሁላችንም ነው። በዓርቡ 'ሁሉም ደህና ነው' ግን ተቆጥቻለሁ፤ ገና አልበረደልኝም።»

«ልክ ነሽ» አላት። «ብታሰናብቺኝ እሄዳለሁ። ካላሰናበትሽኝ ግን ከዛሬ ጀምሮ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ።» መልሷንም ሳይጠብቅ እሱ ዘንድ ያልተስተካከለውን፣ ያቃተውንና ያልገባውን አንድ በአንድ መናገር ጀመረ።  እስኪጨርስ ሰማችውና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። ሥራውም ፈቃዱም እንዳልሄዱ በዚህ ዐወቀ።

አባባ ሽብሩ መነጽራቸውን አጠለቁና ወደ እሌኒ ዞሩ።

«ያ ሰው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ወግሽን ቦሌ አትጣዪው፤ ግማሹን ብቻ ይዘሽም አትሂጂ። ይኸው ስንት ዘመኔ መርዶ ስናገር፤ መደበቁ የሥራዬ ትንሹ ነው። ትልቁ ማንኳኳቱና አብሮ መቀመጡ ነው። መደበቁን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ፍርሃቱን እንጂ ወጉን አልያዘም።» ወደ እሷ ዘንበል አሉ። «እናትሽ ለፋሲካ ትመለስልኛለች እያለች ለዕድርተኛው ሁሉ ታወራለች። ለስንት ጊዜ እንደምትሄጂ ነግረሻታል?»

እሌኒ አንገቷን ደፋች። ለአጭር ሥልጠና ነው እንዳለቻት፣ ውሉ ግን የዓመታት እንደሆነ፣ እናቷ ቀስ በቀስ እስክትለምደው ብላ እንዳቆየችው ተናገረች።

«ለሷ አዝነሽ» አሉ ሽማግሌው።

«ለሷ አዝኜ» አለች። ከዚያ ቀና አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «መሄዴ አይቀርም፣ አባባ። ግን ዛሬውኑ እነግራታለሁ።»

«እሱስ ደግ። ብቻሽን ግን አይሆንም» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«እርስዎን በጠዋት በር ላይ ካየች ሰው የሞተ ነው የሚመስላት።»

«ይምሰላት። ማንም እንዳልሞተ ስትሰማ ሌላው ይቀላታል። ቆይቼ አብሬያት እቀመጣለሁ፤ አንቺ ከሄድሽም በኋላ እመጣለሁ» አሉና በሩን ከፈቱላት።