ዝንጀሮ ኤሊን የገለበጠ ዕለት

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምነግራችሁን ነገር እኔም ልጅ ሆኜ ስሰማው አፌን በእጄ ይዤ ነው የቀረሁት።

ድሮ ነው፤ እንስሳ ሁሉ በሚናገርበት፣ ውሃም ሲጠይቁት በሚመልስበት ዘመን። ከአንድ ገደል ሥር አንዲት ትንሽ ምንጭ ነበረች። በአጠገቧ ሦስት ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር፤ አያ ዝንጀሮ ከገደሉ ላይ፣ እመት ኤሊ ከሣሩ ውስጥ፣ እቴ ቆቅ ከቁጥቋጦው ሥር።

ሦስቱም ጠዋት ጠዋት ውሃ ከመጠጣታቸው በፊት ያመሰግናሉ። ምስጋናቸው ግን ለየቅል ነው። ዝንጀሮ ድንጋይ ላይ ይወጣና ሁለት እጆቹን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ፣ "ውሃ የሰጠሽን አንቺ ነሽ" ይላል። ኤሊ አገጯን መሬት ላይ ታስደግፍና፣ "ምድር ሆይ፣ ከሆድሽ ያወጣሽልን አንቺ ነሽ" ትላለች። ቆቅ ደግሞ ቀና ብላ ደመናን ትጣራለች፤ ደመና ባይኖርም ትጣራለች። ሲጨርሱ ጎን ለጎን ሆነው ይጠጣሉ። ስንት ክረምት እንዲህ አለፈ።

አንድ ዓመት ግን በጋው ረዘመ። ምንጯ ቀጠነች። የዝንጀሮ ልጆች ጠማን እያሉ ሲያለቅሱ አባታቸው እንቅልፍ አጣ። ሲያስብ ሲያስብ ሰንብቶ አንድ ነገር ታየው።

"ሁላችንም ቀና ስንል ኤሊ ብቻ ታቀረቅራለች። ፀሐይ የተቆጣችው በእሷ ነው!"

በመጀመሪያው ቀን በደህና ቃል መጣ።

"እመት ኤሊ፣ ዛሬ እንኳ እስቲ ወደ ላይ ቀና በይ።"

"አንተ ቀና በል፣ አያ ዝንጀሮ፤ ማን ከለከለህ? እኔን እናቴ ያስተማረችኝ ይኸው ነው፤ አምኜበትም ኖሬአለሁ።"

በሁለተኛው ቀን መንገዷ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

"ቀና ሳትዪ አትጠጪም!"

ኤሊ ሳትጠጣ ዞራ ተመለሰች። ቆቅ ይህን አይታ ደነገጠች፤ ነገር ግን ዝንጀሮን ፈርታ ዝም አለች።

በሦስተኛው ቀን ኤሊ አገጯን መሬት ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ሳለች፣ ዝንጀሮ ከኋላዋ መጣ። ሁለት እጁን ከሆዷ ሥር አስገባ። ገለበጣት!

አዎ፣ ገለበጣት። በጀርባዋ። ሆዷ ወደ ሰማይ፣ እግሮቿ ወደ ሰማይ።

"አሁን ፀሐይን አየሻት!" አላት።

ኤሊ አራት እግሮቿን አወራጨች። ዝንጀሮ ያንን አይቶ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?

"እሰይ! እሷም እጇን ዘረጋች! እያመሰገነች ነው!"

ደስ ብሎት ወደ ገደሉ ወጣ።

ፀሐይ ከፍ አለች። ድንጋዩ ጋለ። ቆቅ ምግብ ፍለጋ ሄዳ ስትመለስ፣ ያየችውን አይታ ክው ብላ ቀረች።

"እመት ኤሊ! ምን ሆነሽ ነው?"

"አቃኚኝ" አለች ኤሊ። ድምፅዋ ለመሰማት እንኳ አልበቃም።

ቆቅ በደረቷ ገፋች፣ አልሆነም። በክንፏ ገፋች፣ አልሆነም። በእግሯ ገፋች፣ አሁንም አልሆነም። ወደ ገደሉ በረረች።

"አያ ዝንጀሮ! ድረስ!"

"ተያት፣ እያመሰገነች ነው።"

"እየሞተች ነው እንጂ!"

"እግሯን ስታነሳ አይቻለሁ እኮ።"

"የምትወራጨው ጨንቋት ነው! ኤሊ በጀርባዋ ከወደቀች እንዲህ ባለ ደልዳላ ቦታ መነሳት አትችልም! ይህን አታውቅም?"

ዝንጀሮ አያውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ሲጠጡ ኖረው፣ አያውቅም ነበር።

ፊቱ አመድ መሰለ። ቁልቁል ሮጠ። ሲደርስ እግሮቿ መወራጨት ትተዋል፤ አፏ እንደተከፈተ ቀርቷል። ዝንጀሮ እጆቹን አየ።

"ምን አደረግሁ? ኧረ እኔ ምን አደረግሁ?"

ቀስ አድርጎ አቃናት። ውሃ በመዳፉ ቀድቶ አፏ ውስጥ አንጠባጠበ። አልዋጠችም። ደግሞ ቀዳ። በጎን ፈሰሰ። ሦስተኛ ሲቀዳ ጉሮሮዋ ተንቀሳቀሰ።

ትንፋሿ ሲመለስ ኤሊ እንዲህ አለች፦

"ፀሐይን እንዳመሰግናት ነበር የፈለግኸው። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ፀሐይን ፈርቻት አላውቅም። ዛሬ ግን ፈራኋት።"

ዝንጀሮ አለቀሰ። ወደ ምንጯ ዞሮ፣ "እባክሽ አንቺ ንገሪን፤ የላከሽ ማን ነው? ፀሐይ ናት? ምድር ናት? ወይስ ደመና?" ብሎ ጠየቃት።

ምንጯ በቀጭን ድምፅ መለሰች፦ "የሦስታችሁንም ምስጋና ጠዋት ጠዋት ስሰማ ኖሬአለሁ፤ አንዱም አስቀይሞኝ አያውቅም። ዛሬ ግን ከአጠገቤ ጣር ሰማሁ። ዛሬ መፍሰሴን ጠላሁት።"

ዝንጀሮ መሬት ላይ ወደቀ። "ይቅር በይኝ፣ እመት ኤሊ።"

"ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ከእንግዲህ ከኋላዬ አትምጣብኝ። ከሩቅ ድምፅህን አሰማኝ።"

ቆቅም አንገቷን ደፍታ፣ "እኔም ትናንት ዝም ባልል ኖሮ..." ብላ ጀመረች።

ከዚያ ወዲያ ዝንጀሮ ሲወርድ ገና ከሩቅ "እመት ኤሊ፣ እኔ ነኝ!" ይላል። እሷ ግን ለብዙ ቀን ድምፁን በሰማች ቁጥር አንገቷን ሰብስባ ድንጋይ ልብሷ ውስጥ ትገባ ነበር። እሱም እስክትወጣ ተቀምጦ ይጠብቃል። አይቆጣም፣ አይቸኩልም።

ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን መጣ፤ ምንጯም ሞላች። ዝንጀሮ ፀሐይን አመሰገነ፣ ኤሊ ምድርን፣ ቆቅ ደመናን። ማን ልክ እንደነበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጎን ለጎን ግን ጠጡ።

እናንተም ልጆቼ፣ ጎረቤታችሁ እንደ እናንተ ባያምን፣ የመሰላችሁን ንገሩት፣ የመሰለውንም ስሙት። እጃችሁን ግን አታንሱበት። ደግ የሠራችሁለት ሲመስላችሁ ነፍሱን ልታወጡ ትችላላችሁ። እኔ የሰማሁት ይህን ነው፤ እናንተም ለሌላው አድርሱት።