የቦኔ ቤተ ክርስቲያን መቀመጫ

በቄለም ወለጋ፣ ቦኔ በምትባል መንደር፣ ግድግዳዋ በወንዝ ድንጋይ የተሠራ አንዲት አሮጌ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አለች። እሑድ እሑድ ሁለተኛው መዝሙር እንዳበቃ ምእመኑ በሙሉ ብድግ ብሎ መቀመጫ ይለዋወጣል፤ የፊቱ ወደ ኋላ፣ የበሩ ወደ ፊት ይሄዳል። ግርግሩን አይቶ እሳት የተነሣ መስሎት ወደ ውጭ የሮጠ እንግዳም ነበር ይባላል።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት፣ ቤቱ ገና የሣር ክዳን በነበረበት ዘመን ለአግዳሚ ወንበሮቹ የዋንዛ እንጨት የሰጠው ደጋጋ የሚባል ባላባት ስለነበር፣ ወንበሮቹ የእሱና የዘመዶቹ ሆኑ። ድንጋዩን ከወንዝ ተሸክመው ያመጡት ግን በባርነት ኖረው ነፃ የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም በሩ አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጡ ነበር። ከእነሱ አንዷ፣ በደጋጋ ቤት ያደገችው ኩሌ፣ በድንጋይ ሸክም ጉልበቷ ተጎድቶ መሬት ላይ መቀመጥ ያሠቃያት ነበር።

አንድ እሑድ ስብከቱ ሊጀመር ሲል ኩሌ ተነሣችና በወንበሮቹ መካከል እያነከሰች ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ሄደች። ማንም ፈቀቅ አላለላትም።

«ምን ሆንሽ?» አሏት ቄሱ።

«መቀመጫ እየፈለግሁ ነው፣ አባቴ።»

ያን ጊዜ የደጋጋ ሚስት ዲንቄ ከቦታዋ ተነሥታ ኩሌን በእጇ ይዛ አስቀመጠቻትና፣ ራሷ ሄዳ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ደጋጋ ተከትሏት ሄደ።

«ተነሺ፣ አታዋርጂኝ፤» አላት በዝግታ።

«መሬቱ እንዲህ እንደሚቀዘቅዝ አላውቅም ነበር፤» አለችው፤ አልተነሣችም።

በማግስቱ ደጋጋ ሰዎች ልኮ ወንበሮቹን በሙሉ አስወጣ። ክረምቱ ገባ፤ ክዳኑ ያፈስ ጀመር። ሁሉም መሬት ላይ ሆነና ደረቁ ቦታ ለሁሉም ስላልበቃ፣ ከሁለተኛው መዝሙር በኋላ ጠብታ ሲወርድበት የቆየው ደረቅ ቦታ ካገኘው ጋር እንዲለዋወጥ ተስማሙ። ዲንቄ በየእሑዱ ነጠላዋ ረጥቦ ትመለስ ነበር። ደጋጋ አንድም ቀን ደረቅ ነጠላ ሳያቀብላት ቀርቶ አያውቅም፤ ግን አይነጋገሩም ነበር። እሑድ በመጣ ቁጥር እሱ የቤቱን ግቢ ሲዞር ይውል ነበር።

በነሐሴ አንድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። መዝሙሩ አልቆ ሰው ሁሉ ሲነሣ የሚሄድበት ጠፋው። ኩሌ አየችውና፣ «ጌታው፣ እዚህ ደረቅ ነው፤» ብላ ራሷ ወደሚያፈስበት ዞረች።

ተቀመጠ የሚሉ አሉ፤ አልተቀመጠም፣ ቆሞ አለቀሰ የሚሉም አሉ። ወንበሮቹ ግን በዚያው ሳምንት ተመለሱ።

ዛሬ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ አያፈስም። በቅርቡ የተመደበ አንድ ወጣት ሰባኪ ልማዱ ጊዜ ስለሚፈጅ ቢቀር ይሻላል ብሎ ረጅም ማሳሰቢያ ሰጠ። በአክብሮት አዳመጡት። ሁለተኛው መዝሙር ሲያበቃ ተነሡ።